ለሜዳው ዘጠኝ፣ ለቡድኑ አራት፣ ለቢሮው ግን ቆይ እንነጋገር

ዲሲ አካባቢ የምትኖሩና ልጆቻችሁ «ቤዝቦል ውሰዱን» እያሉ የሚነዘንዟችሁ ካላችሁ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። የዋሽንግተን ናሽናልስን ጨዋታ ገብቶ ማየት ያዋጣል ወይ? ሜዳው ያዋጣል። ቡድኑ አያዋጣም። ቡድኑን የሚመሩት ሰዎች፣ ቢሮው የምለው እነሱን ነው፣ ገና ዕዳ አለባቸው።

አንተ ማን ነህ ካላችሁ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሬገን ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ከመሀላችን ግማሹ ስለ አርሰናል፣ ግማሹ ስለ ማንቼ ነው የሚጨቃጨቀው። ናትስን፣ ናሽናልስን ማለቴ ነው፣ የምንከታተለው ጥቂት ነን፤ ጫጫታችን ግን የሁለቱንም ያስንቃል። ቤዝቦል ለታክሲ ሰው የሚመች ጨዋታ ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ አለ። በየምሽቱ ለማለት ይቻላል በ106.7 ሬዲዮ ይተላለፋል። ሰው ጭነህ አውርደህ ስትመለስ ብዙ አላመለጠህም።

ከሜዳው ልጀምር። ናሽናልስ ፓርክ የተከፈተው በ2008 ነው፤ ሳውዝ ካፒቶል ስትሪት ላይ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር። በመኪና አትሂዱ። ይህን የሚላችሁ እንጀራውን ከመኪና የሚበላ ሰው ነው። በጨዋታ ቀን ስሙን የማልጠራው አንድ ፓርኪንግ ሎት የጠራልንን ዋጋ ስትሰማ ሚስቴ የፓርኪንጉን ሠራተኛ «ትኬቱንም ይጨምራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ ፍንክች አላለም። ስለዚህ ሜትሮ ያዙ። ግሪን ላይን ኔቪ ያርድ ያደርሳችኋል። እንደኔ ከቨርጂኒያ የሚመጣ ሌንፋንት ፕላዛ ላይ ይቀይርና ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ይወርዳል። ከጣቢያው ስትወጡ ሃፍ ስትሪት ላይ ናችሁ፤ ቀይ ማልያ የለበሰውን ሕዝብ መከተል ብቻ ነው።

ወንበር ስትመርጡ አትጨነቁ። እዚህ ቤት ርካሹ ከውዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ላይኛው ፎቅ፣ በአንደኛው ቤዝ በኩል (ከመቺው ጀርባ ሆናችሁ ስታዩ በቀኝ) ቁጭ በሉ። ከአንዳንዱ ወንበር ካፒቶልም የዋሽንግተን ሐውልትም ይታያል፣ ከወንዙ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ኳሷም ስትነሳ የት እንደምታርፍ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ትኬቱ ኪስ አይጎዳም። ፊላዴልፊያ ሲመጣ ግን ተጠንቀቁ። ያን ቀን ዋጋው ይሰቀላል፣ ግማሹ ስታዲየምም የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ነው። ብራይስ ሃርፐር የእኛን ማልያ አውልቆ በ2019 ወደዚያ ከሄደ በኋላ እዚህ ሲመጣ ገና እንጮህበታለን። እሱም ጩኸቱን የሚወደው ይመስለኛል።

ምግብ በአጭሩ። የቤንስ ቺሊ ቦውል ሃፍ ስሞክ፣ በጭስ የበሰለ ቋሊማ ነው፣ ሜዳው ውስጥም አለ፤ ዋናው ቤት ዩ ስትሪት ላይ ከ1958 ጀምሮ ያለ፣ ከእኛ ምግብ ቤቶች ብዙም የማይርቅ ነው። ርካሹ ትኬት ረቡዕ ላይ ከወደቀና ጿሚ ከሆናችሁ ግን ሃፍ ስሞኩን እርሱት። እኛ ከቤት ቆሎ ይዘን ነው የምንገባው፣ ውስጡ በሚታይ ፌስታል። አሜሪካኖቹ ሱፍ ፍሬ ሲከኩ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን፤ ለዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ለጨዋታው ዘጠኝ ዙር፣ በትክክል ይበቃል። ልጆች ካላችሁ ደግሞ አራተኛው ኢኒንግ ላይ ሽንት ቤት አትሂዱ። ትልልቅ ጭንቅላት የተገጠመላቸው አራት ፕሬዝዳንቶች ሜዳውን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። ቴዲ ሩዝቬልት ውድድሩ ከተጀመረበት ከ2006 እስከ ኦክቶበር 2012 አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም ነበር። ልጄ ዛሬም የምትጮኸው ለእሱ ነው። የተሸናፊ ደጋፊ መሆንን ቀድማ ተምራለች።

እንግዲህ ወደ ቡድኑ።

ናትስ በ2019 ሲዝኑን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ነበር የጀመረው። ሁሉም ቀብሮት ሳለ ተነስቶ የዋንጫው ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ፣ ገባና ሂዩስተንን አሸነፈ። ሰባት ጨዋታ ተደርጎ ሰባቱንም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። በሰባተኛው ጨዋታ የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ነክታ ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያገባባት ምት) ስትሆን ሬዲዮው ውስጥ የነበረው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ቡድኑ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት አንድም ዓመት የለም። በ2022 107 ጨዋታ ተሸነፈ። በ2023 71 አሸንፎ 91 ተሸነፈ፣ በ2024ም ቁጥሩ ያው ራሱ። በ2025 ደግሞ 66 ድልና 96 ሽንፈት። በእግር ኳስ ቢሆን ወርዶ ነበር። እዚህ ግን ወራጅ ቀጠና የለም፤ እንዲያውም ለተሸናፊ ድራፍት በሚባለው ምርጫ ጥሩ ወጣት ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል። ጓደኞቼን ይህን ማስረዳት አቅቶኛል። «ታዲያ ሽንፈት ይከፈልበታል በለኛ» አለኝ አንዱ የአርሰናል ደጋፊ። አልተሳሳተም።

ወረፋ ላይ ትልቁ ጭቅጭቅ የቀድሞው ኮከባችን ሁዋን ሶቶ ነው። ከእኔ በፊት ጀምሮ ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉን። የእሳቸው አቋም አጭር ነው፦ «ሶቶን የሸጠ ቤት አይባረክም!» ሶቶ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት እምቢ አለ። ኦገስት 2022 ላይ ለሳን ዲዬጎ ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ሜትስ በ765 ሚሊዮን አስፈረመው። ጋሼ ይህን ቁጥር በጣታቸው መሪው ላይ እየጻፉ ነው የሚያሳዩኝ።

እኔ አልስማማም። እምቢ ያለን ተጫዋች ኮንትራቱ እስኪያልቅ አስቀምጦ በባዶ እጅ ከመሸኘት መሸጡ ይሻላል። የመጣውም ቀላል አይደለም። ሲጄ ኤብራምስ በሶቶ ምትክ የመጣ ነው። በ2025 ለኮከቦቹ ጨዋታ (ኦልስታር) የተመረጠው ማኬንዚ ጎር በሶቶ ምትክ የመጣ ነው። ጄምስ ውድም እንደዚሁ። ይህ ልጅ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሞላል። በ2025 31 ሆም ራን መታ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከኤንጀልስ ጋር ሲጫወቱ ተጋጣሚው ከመፍራቱ የተነሳ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብሎ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ላከው። ከባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ ሰው አልነበረም።

በሌላ በኩል ጄምስ ውድ በ2025 221 ጊዜ ስትራይክአውት ሆኗል፤ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ወጥቷል ማለት ነው። አንድ ምሽት ጎናችን የተቀመጡ ሽማግሌ አሜሪካዊ ጨዋታውን በእርሳስ ደብተር ላይ ይመዘግቡ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር አለው፤ ስትራይክአውት ሲሆን አንዲት ፊደል ይጽፋሉ። በውድ መስመር ላይ ያቺ ፊደል ሦስቴ ተደርድራለች። ቆሎ ዘረጋሁላቸው፣ ጥቂት ፍሬ አንስተው በጥርጣሬ ቀመሱ፣ ከዚያ እፍኝ ሙሉ ወሰዱ። «ሶቶን መሸጣቸው ልክ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰውየው ልጅ ሳሉ የድሮው የዋሽንግተን ቡድን ሴኔተርስ ከ1971 ሲዝን በኋላ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ አይተዋል። ከዚያ በኋላ ናትስ በ2005 ከሞንትሪያል እስኪመጣ ከተማዋ ቡድን አልነበራትም። «እኔ ዋናው መኖራቸው ነው» አሉኝ። ለእሳቸው ይሁን። እኔ ግን ትኬት የምገዛው ለመኖራቸው አይደለም።

ታዲያ በሶቶ ካልሆነ ቢሮውን የምከሰው በምንድን ነው? ከሶቶ በፊትና በኋላ በተደረገው ነው። በ2021 ኮከቦቻችንን ማክስ ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን አንድ ላይ ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሰጡ። ዋናዎቹ የመጡት ኬይበርት ሩዊዝና ጆሳያ ግሬይ ነበሩ። ለሩዊዝ በ2023 የስምንት ዓመት 50 ሚሊዮን ፈረሙለት፤ ዱላው ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ፣ በ2025ም ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲዝኑን ሳይጨርስ ቀረ። ግሬይ ክርኑን ቀዶ ጥገና አደረገ። በ2022 ድራፍት በአምስተኛ ቁጥር የመረጡት ኤላይጃ ግሪን ታችኛው ሊግ ላይ ኳስ መንካት አቃተው። አንዱ ዕድለ ቢስነት ነው ልበል። ሁሉም ሲደራረብ ግን ዕድል የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ወርዋሪው (ፒቸር ይሉታል) ስቲቨን ስትራስበርግ ደግሞ አለ። ከ2019 ድል በኋላ 245 ሚሊዮን ተፈረመለት፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ሰውነቱ ከዳው፤ እሱን መውቀስ ግፍ ነው። ፓትሪክ ኮርቢንንም አልወቅስም። አዎ፣ 140 ሚሊዮን ተከፍሎት በ2022 ስድስት አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ግን የ2019ኙን ሰባተኛ ጨዋታ ያሸነፈ ፒቸር ተብሎ የተመዘገበው እሱ ነው። ወረፋ ላይ ኮርቢንን የሚሰድብ ሰው ሲገኝ ከመኪናዬ ወርጄ ነው የምከራከረው።

ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። ዲሴምበር 2024 ላይ ሮበርት ጋርሲያ የሚባል ግራኝ ፒቸራችንን ለቴክሳስ ሰጥተው ናትናኤል ሎው የሚባል የአንደኛ ቤዝ ተጫዋች አመጡ። ኦገስት 2025 ላይ ሎውን አሰናበቱት። በዚህ መሀል ቡልፔናችን፣ መጨረሻ ላይ ገብተው ጨዋታ የሚዘጉት ወርዋሪዎች ማለቴ ነው፣ በሊጉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። በሰባተኛው ኢኒንግ በሦስት እየመራን ደንበኛ ጭኜ እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት እስካደርስ ተሸንፈን እናድራለን። የጎደለህን ሰጥተህ የማይጎድልህን መግዛት ምን ይባላል?

በ2025 ጁን ላይ 11 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ማናጀሩ፣ ማለትም ዋና አሰልጣኙ፣ ዴቭ ማርቲኔዝ በዚያ ሰሞን ጥፋቱ በፍጹም የአሰልጣኞቹ አይደለም ብሎ ተናገረ፤ ተጫዋቾቹ ላይ ጣለው ተብሎ ከተማው ተንጫጫ። ጁላይ 6 ቀን እሱም፣ ከ2009 ጀምሮ ቢሮውን የመራው ማይክ ሪዞም በአንድ ቀን ተባረሩ። ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም አንደኛውን ምርጫ የያዝነው እኛ ሆነን! ተተኪዎቹ ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት የኦክላሆማ ልጅ መረጡ። ልጁ ሲደርስ የእኔ ልጅ ኮሌጅ ትገባለች።

ጋሼ ስለ መባረሩ የተናገሩትን ማንም ጋዜጠኛ አልጻፈውም። «ወጡ ጨው ሲያንሰው ወጥ ቤቷ ተባረረች። ጨው የሚገዛው ግን ባለቤቱ ነው።» እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። የለርነር ቤተሰብ ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ገዛ። ቴድ ለርነር በ2023 አረፉ፤ አሁን የሚመራው ልጃቸው ማርክ ነው። በ2022 ልንሸጠው እንችላለን አሉ፣ በ2024 አንሸጥም አሉ። ከስትራስበርግ በኋላ ያን የሚያህል ኮንትራት ፈርመው አያውቁም። ሪዞ የሠራውን ስህተት ሠርቷል፤ ዋንጫውንም ያመጣው እሱ ነው። በባዶ ኪስ ገበያ የተላከን ሰው ግን ቅርጫቱን አይተህ ብቻ አትፈርድበትም።

አሁን አዲስ ሰዎች መጥተዋል። ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ ሲሾም 35 ዓመቱ ነበር፤ ቢሮውን ይመራል። ማናጀሩ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንዲህ ወጣት ማናጀር አልተሾመም። ታናሽ ወንድሜ ደስ ብሎታል፣ «አዲስ ጭንቅላት ነው» ይላል። ጋሼ «እኔ ለነዚህ ልጆች መኪናዬን አልሰጥም» ይላሉ። እኔን ዕድሜያቸው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ቡቴራ የመጣበት ቤት ነው። ታምፓ ቤይ በትንሽ ገንዘብ ብልጥ ሆኖ በመኖር የሚታወቅ ቡድን ነው። ባለቤቶቹ ይህን ሰው የወደዱት ወጣት ተጫዋች ስለሚያሳድግ ነው ወይስ ሳይጠይቅ ስለሚኖር? ይህን ጊዜ ይነግረናል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። የአንድ ቀን ትኬት ግዙ፤ የሳምንቱ መሀል፣ ላይኛው ፎቅ፣ በአንደኛው ቤዝ በኩል። ለልጆቹ ስትሉ አንድ ጊዜም ቢሆን ሂዱ። ለሜዳው ዘጠኝ እሰጣለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ጁላይ ላይ ፀሐዩ አናት ስለሚበሳ ነው። ለቡድኑ አራት፣ ከአራቱ ሁለቱ የጄምስ ውድ ናቸው። ለቢሮው ገና ነጥብ አልሰጥም። የሲዝን ፓኬጅ ግን አትንኩ። ከቲኬት ክፍል አንድ ትሁት ልጅ ደውሎ ፓኬጁን ሊሸጥላችሁ ይችላል። በደንብ አናግሩት፣ ልጁ ሥራው ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን «ፒቸር መቼ ነው የምትገዙት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።