ለጠጅ መጥመቂያ ክፍል፦ ያገለገለ ፍሪጅ ወይስ ሳፋና ቃጫ ጆንያ?

ሁዳዴ በተጋመሰ ቁጥር ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይደውሉልኛል። ለፋሲካ የሚጥሉት ጠጅ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ ስለሚፈላ፣ ሙቀቱን ለመግታት ያገለገለ ፍሪጅ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ይግዙ፣ ወይስ በሰፊ ሳፋ ውኃና በእርጥብ ጆንያ ይገላገሉ? ሁለቱንም ስለሞከርኩና ለአንደኛው ብዙ ገንዘብ ስላፈሰስኩ፣ መልሴን ከነዋጋው በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥኩ። ከወዲሁ ለመናገር፣ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለቤተሰቡ ለሚጥል ሰው ፍሪጁን አልመክርም።

ብርዝ ሲፈላ እርሾው ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት በርሜሉ ውስጥ ያለው ከክፍሉ አየር ይልቅ ይሞቃል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የክፍሉ አየር 31 ዲግሪ ሲሆን ያለምንም መከላከያ ያስቀመጥኩት ብርዝ 33 ዲግሪ ደርሶ ነበር። እርሾ በዚህ ሙቀት ሲጣደፍ ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎችን ያበዛል፤ ሆምጣጤ የሚያመጡት ባክቴሪያዎችም ሙቀቱን ይወዱታል። ያ ጠጅ ለእንግዳ የሚቀርብ አልሆነም። የገባበት 6 ኪሎ ማር ነበር፤ በኪሎ 650 ብር ሲታሰብ፣ ከዘጌ የመጣው ጌሾ ሳይቆጠር፣ 3,900 ብር ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠጄን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው መካከል ለማቆየት እጥራለሁ።

በዚያው ንዴት በማግስቱ ሳምንት ባለ አንድ በር ያገለገለ ፍሪጅ በ22,000 ብር ገዛሁ፤ ለማጓጓዣ 500 ብር ከፈልኩ። የፍሪጁ የራሱ ቴርሞስታት ምግብ ለማቆየት የተሠራ በመሆኑ ቅዝቃዜው እርሾን ያስተኛዋል፤ ስለዚህ በ20 ዲግሪ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ የውጭ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። እሱን በ1,400 ብር ገዝቼ ለኤሌክትሪሻን የመግጠሚያ 600 ብር ከፈልኩ። ነገሩ በ24,500 ብር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ሌሊት መቆጣጠሪያው ከዳኝ። ኮምፕሬሰር (የፍሪጁ ሞተር) ሲነሣ የሚስበው ኤሌክትሪክ በመደበኛ ሥራው ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ በርካሽ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ይህን ግፊት አይችለውም፤ ጫፎቹ ቀልጠው ይጣበቃሉ። የእኔም ተጣብቆ፣ መስኮቱ ላይ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት እያሳየ ፍሪጁ እስከ ንጋት ሲሠራ አደረ። ጠዋት ብርዙ 11 ዲግሪ ላይ ነበር፤ መፍላቱን አቁሞ እንደገና እስኪነሣ አራት ቀን ፈጀ። በብዛት የሚታወቀው ኤስቲሲ 1000 የተባለው መቆጣጠሪያ በሽፋኑም በቁልፎቹም ፍጹም የሚመሳሰሉ ብዙ አስመሳዮች አሉት፤ ሁሉም ላይ «10 አምፒር» ተጽፎባቸዋል፤ ጽሑፉን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ሁለተኛውን በ3,200 ብር ስገዛ ሻጩ ፊቴ ከፍቶ እንዲያሳየኝና ሪሌው ላይ የታተመውን ቁጥር እንዳነብ ጠየቅሁ። እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

አስመሳይ የነበረው የመጀመሪያው መቆጣጠሪያዬ ሙቀት የሚለካበት ሴንሰር ደግሞ 3 ዲግሪ ይዋሽ ነበር። ይህን የሚያጋልጠው ፈተና ምንም ወጪ የለውም፤ የተሰባበረ በረዶ በጥቂት ውኃ አርሶ ሴንሰሩን መሐሉ ከትቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተን ግን ያሳስታል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከመቆጣጠሪያው በኋላ የማቀዝቀዣው ጋዝ ችግር መጣ። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቆም አንድ ጠጋኝ በ2,800 ብር ጋዝ ሞላልኝ፤ ከአራት ወር በኋላ አሁንም አለቀ፤ እንደገና 2,800 ብር ከፈልኩ። የሚያፈሰው ቦታ ሳይፈለግና ሳይበየድ ጋዝ መሙላት ገንዘብን አየር ላይ መበተን መሆኑን ያስተማረኝ ሁለተኛው ክፍያ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ያልተረጋጋ ኃይል ኮምፕሬሰሩን እንዳያቃጥለው 4,500 ብር የሚያወጣ ስታብላይዘር ጨመርኩ። አጠቃላይ ወጪዬ 37,800 ብር ደረሰ፤ በዚያን ጊዜው ዋጋ 58 ኪሎ ማር ይገዛል።

አሁን ወደ ሌላው እንምጣ። ሰፊና ጥልቅ ሳፋ 1,300 ብር፣ ሁለት ቃጫ ጆንያ 240 ብር፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር 650 ብር፤ ድምሩ ያኔ 2,190 ብር ነበር። በርሜሉን ሳፋው ውስጥ አስቀምጦ ውኃውን እስከ ግማሹ መሙላት፣ ጆንያውን ነክሮ በርሜሉን ማልበስ፣ የጆንያው ጫፍ ግን ሁልጊዜ ውኃው ውስጥ እንዲቀር ማድረግ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ውኃውን ራሱ ወደ ላይ እየሳበ ይኖራል። በበጋ የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሸክላው ወዝቶ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ዘዴው ለባሕር ዳር የሚስማማው የመጋቢት ቀን ቢያቃጥልም ሌሊቱ ስለሚበርድ ነው። ብዙ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በርሜሉ የቀኑን ጫፍ ሳይሆን የቀንና የሌሊቱን አማካይ ይይዛል። ማታ የክፍሉን በር ከፍቶ የሐይቁን ነፋስ ማስገባት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ መዝጋት ብዙ ይረዳል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት በዚሁ ክፍል፣ በዚያው 31 ዲግሪ አየር፣ ጠጄ ከ24 ዲግሪ አላለፈም፤ በረዶ የሆነ ውኃ የያዘ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ሳፋው ውስጥ ስጨምር ደግሞ 21 ላይ ቆየ። አንድ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲቀልጥ 60 ሊትር ውኃና ብርዝ በድምሩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያወርዳል፤ ጠርሙሶቹን የቤታችን ፍሪጅ ያለ ችግር ያበርዳቸዋል።

እዚህም ላይ የሚያሳስት ዕቃ አለ። ቅዳሜ ገበያ ጆንያ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የላስቲክ ክር ማዳበሪያ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ውኃ አይመጥም፣ ሙቀትም አይቀንስም። ቃጫ ካልተገኘ ያረጀ ጋቢ ከሁሉም ይሻላል። የተነከረው ጨርቅ ስለሚሻግት በየሦስት ቀኑ በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ከበርሜሉ አፍም መራቅ ይኖርበታል።

ዘዴው የሚሰንፍበት ወቅት እንዳለ አልደብቅም። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥበት ስለሚሞላው ጆንያው አይደርቅም፣ ስለዚህም አያቀዘቅዝም፤ ነገር ግን ለእንቁጣጣሽ የሚጣለው ጠጅ በክረምቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈላ ሳፋው ብቻ ይበቃዋል። ለገናና ለጥምቀት ሲጣል ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት እርሾውን ያዘገየዋል፤ ያኔ ውኃውን አስወግዶ በርሜሉን በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። ፍሪጅም ቢሆን ማሞቂያ ካልተጨመረለት ለታኅሣሥ አይረዳም።

ዓመቱን ሙሉ ለሽያጭ የሚጥልና ጠጁ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲኖረው የሚሻ ሰው ግን ፍሪጅ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ገዢ በሜትር የበርሜሉን ቁመትና ስፋት ለክቶ ይሂድ፤ ከታች በስተኋላ ያለው የኮምፕሬሰሩ ጉብታ ቦታ ይሻማልና። ፍሪጁ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዓት እንዲሠራ ያድርግ፤ በመዳብ ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ የዘይት እድፍ ካየ ጋዝ ስለሚያፈስ ይተወው፤ ወረቀት በሩ ላይ ዘግቶበት ሲስበው ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል። ሴንሰሩን በፍሪጁ አየር ውስጥ አያንጠልጥለው፤ ከበርሜሉ ጎን ላይ ለጥፎ በወፍራም ጨርቅ ይሸፍነው፤ አለበለዚያ መቆጣጠሪያው የሚለካው የጠጁን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ይሆንና ኮምፕሬሰሩ በየደቂቃው ሲነሣና ሲጠፋ ይውላል።