የድሮ ዶስ ፕሮግራማችንን ላስነሣልን የጠባሴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ምስጋና

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ወንድማችን የመደብራችንን የዕቃ መዝገብ አዲሱ ማሽን ላይ አስነሥቶልናል። እግዜር ይስጥልን፣ እጁን ይባርክለት። ፕሮግራሙ ክሊፐር በሚባል የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ መዝገቡ ዲቢኤፍ በሚባሉ ፋይሎች፣ ዕቃውን ቶሎ የሚያስገኘው ማውጫ (ኢንዴክስ) ደግሞ ኤንቲኤክስ በሚባሉት ውስጥ ይቀመጣል። አዲሱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ስለሆነ፣ ከአሮጌው ማሽን የመጣው ሾርትከት ሲጫን «እዚህ ፒሲ ላይ አይሠራም» ከማለት በቀር ምንም አልነበረውም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የቀረላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋልና የሠራውን በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ ያየው ሾርትከቱን አይደለም። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ገብቶ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን አነበበ። 64 ቢት ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ግን የ16 ቢት ነው። የ16 ቢት ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ኤንቲቪዲኤም የሚባለው የዊንዶውስ ክፍል ያለው 32 ቢቱ ላይ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩም በ64 ቢት ሲሠራ ያ ክፍል የሚደገፍበትን የድሮ አሠራር አይፈቅድም። ስለዚህ ኮምፓቲቢሊቲ ገብቶ ዊንዶውስ 95 መምረጥ፣ በአድሚኒስትሬተር መክፈት፣ ሾርትከቱን አጥፍቶ እንደገና መሥራት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ዊንዶውስ ፊቸርስ ከፍታችሁ ሌጋሲ ኮምፖነንትስ ሥር ኤንቲቪዲኤምን ማብራት ትችላላችሁ። ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከነጭራሹ 32 ቢት የለውም። ስለዚህ «ፎርማት አድርገን ወደ 32 ቢት እንመልሰው» ለሚላችሁ አትቸኩሉ።

እሱ የመረጠው ዶስቦክስ ኤክስን ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ የድሮ ዶስ ማሽን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ነፃም ነው። የፕሮግራሙን ፎልደር በሙሉ ሁለት ቦታ ከቀዳ በኋላ አንዱን ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ አስቀመጠው፣ ስሙንም ከ8 ፊደል ያልበለጠና ክፍተት የሌለው የእንግሊዝኛ ቃል አደረገው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አላስገባውም፤ እዚያ ውስጥ መጻፍ ለተራ ተጠቃሚ ስለማይፈቀድ መዝገብ የሚጽፍ ፕሮግራም ይቸገራል። ዶክመንትስ ውስጥም አላደረገውም፣ ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚቀዳው ዋንድራይቭ ፋይሉን ክፍት እያለ ሊነካው ይችላልና።

ከዚያ ዶስቦክስ ኤክስ ሲነሣ የሚያነባት አንዲት የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ጻፈ። ኦቶኤግዜክ በሚለው ክፍል ሥር ያሉት መስመሮች ጥቂት ናቸው፦ ፎልደሩን ሲ ድራይቭ የሚያደርገው የማውንት መስመር፣ ወደ ሲ መግቢያው፣ የፕሮግራሙ ስም፣ መጨረሻ ላይ ኤግዚት። ሾርትከቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፤ ታርጌት ውስጥ የዶስቦክስ ኤክስ ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ኮንፍ ሳይለያዩ (-conf)፣ ክፍተት፣ የኮንፊግ ፋይሉ ሙሉ አድራሻ እንደገና በትእምርተ ጥቅስ። ጥቅሱ ከተረሳና አድራሻው ውስጥ ክፍተት ካለ፣ ዊንዶውስ አድራሻውን ክፍተቱ ላይ ቆርጦ ያነበዋል። 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙን ያለ ዶስቦክስ በቀጥታ ለምታስነሡ ደግሞ «ስታርት ኢን» የሚለው ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ተነሥቶ መዝገቡን ሌላ ፎልደር ውስጥ ይፈልገዋል። መስኮቱ ብልጭ ብሎ የሚጠፋባችሁም ከሆነ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ስሙን እዚያው ጻፉት፤ ስሕተቱ ቆሞ ይነበባል።

በጣም ያደነቅኩት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። የድሮው አይከን ተራ ሾርትከት ሳይሆን ፒአይኤፍ፣ ማለትም ለዶስ ፕሮግራሞች የተለየ የሾርትከት ዓይነት ነበር። ፒአይኤፍ «የፋይል ቅጥያ አሳይ» ብትሉትም ቅጥያው አይታይም፣ ውስጡም የትኛውን ኦቶኤግዜክ ዶት ኤንቲና ኮንፊግ ዶት ኤንቲ እንደሚያነብ ይይዛል። ልጁ አሮጌውን ማሽን አስከፍቶ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም 32 ገብቶ፣ እነዚያን ሁለቱን ፋይሎች አነበበ። «ሴት ክሊፐር» የሚል መስመር አገኘ፤ ፕሮግራሙ በአንዴ ስንት ፋይል እንዲከፍት የሚፈቅድ ነው። ያንን መስመር እሱ የጻፋት ኮንፊግ ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም በፊት አስገባው። ያ ባይገባ፣ ዋናው ሜኑ ተከፍቶ ሪፖርት ሲጠየቅ «ዶስ ኤረር 4» ብሎ ይቆም ነበር። ቁጥሮቹን ያዟቸው፦ 2 ፋይሉ የለም፣ 3 አድራሻው የለም፣ 4 ከሚፈቀደው በላይ ፋይል ተከፍቷል፣ 5 መክፈት ወይም መጻፍ ተከልክሏል።

ማተሚያውም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ኤልፒቲ 1 የሚባለውን የድሮ የማተሚያ መሰኪያ ብቻ ነው፣ ማተሚያው ግን በዩኤስቢ የተሰካ ነው። ማተሚያውን በአጭር ስም ሼር አደረገው፤ በኔት ዩዝ ትእዛዝ ኤልፒቲ 1ን ከእሱ ጋር አገናኘው፣ ማሽኑ ሲጠፋና ሲበራም እንዳይለያይ ፐርሲስተንት የሚለውን ጨመረበት። ኮንፊጉ ውስጥ ደግሞ ፓራለል 1 ወደ ኤልፒቲ 1 እንዲልክ አደረገ። ኔት ዩዝን በአድሚኒስትሬተር መስኮት መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተገናኘው ለአድሚኒስትሬተሩ ብቻ ስለሚሆን ሾርትከቱ አያየውም። ደግሞ ተራ ጽሑፍ የማይገባቸው ርካሽ ሌዘር ማተሚያዎች በዚህ መንገድ አያትሙም፤ የእኛ ነጥብ መቺ ኤፕሰን ነውና ተስማማ።

መብራት ድንገት ጠፍቶ የነበረ ዕቃ ሲፈለግ ካልተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ማውጫው ነው። መዝገቡን ቀድታችሁ ከሜኑው ሪኢንዴክስ (ማውጫውን እንደገና ሥራ) በሉት። መስኮቱን በኤክስ ምልክት መዝጋትም እንደ መብራት መጥፋት ነው የሚቆጠረው፤ ከፕሮግራሙ ሜኑ ውጡ።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ዋጋ የሚናገረው ሥራውን ካየ በኋላ ነው፣ ሲጨርስም የኮንፊጉን ቅጂ ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል። ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም የምትመጡ፣ የሚነሣውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ በፍላሽ ያዙ፤ አሮጌው ማሽን ገና የሚነሣ ከሆነ ደግሞ እነዚያን ሁለቱን የኤንቲ ፋይሎች ጨምሩ።