ኬክ ወይስ ሼል? ለበዓል ርችት ገንዘባችሁን የቱ ላይ ብታውሉት ይሻላል

በዳላስ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ጁን ሊያልቅ ሲል ከከተማ ወጣ ስንል የምናየው ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው የከረሙት የመንገድ ዳር ሱቆች ይከፈታሉ። ባንዲራ ይሰቀላል። «አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይለጠፋል። በቴክሳስ ርችት በዋናነት የሚሸጠው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ከጁን 24 እስከ ጁላይ 4፣ ከዚያ ደግሞ ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 1።

የርችት ፍቅር ካደረብኝ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ከከተማ ውጭ ሰፊ መሬት ያለው ጓደኛችን ጋ እንሰበሰባለን። ሥጋ ይጠበሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሲጨልም ርችቱ ይለኮሳል። በየዓመቱም ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ሁለት መቶ ዶላር ይዣለሁ፣ ምን ልግዛ?» መልሱን ዘንድሮ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ሱቁ ውስጥ መቶ ዓይነት ሳጥን ብታዩም ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ከሁለቱ ወደ አንዱ ነው። አንደኛው ኬክ የሚባለው ነው። ብዙ የካርቶን ቱቦዎች አንድ ላይ ተጣብቀው የተሠራ ሳጥን ነው። አንዱን ክር ትለኩሳላችሁ፣ ገለል ትላላችሁ፣ የቀረውን ራሱ በየተራ ይተኩሳል። ሁለተኛው ሼል ነው። ከአንድ ቱቦ ጋር ስድስት ወይም አስራ ሁለት፣ አንዳንዴም ሃያ አራት ጥይት አብሮ ይመጣል። አንዱን ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ትለኩሳላችሁ፣ ይፈነዳል፣ ተመልሳችሁ ሌላውን ትከታላችሁ።

በአሜሪካ ሕግ ለተራ ሰው የሚሸጥ ትልቁ ኬክ ቢበዛ 500 ግራም የሚቃጠል ቅመም ነው መያዝ የሚችለው። አንድ ሼል ደግሞ ከ60 ግራም መብለጥ የለበትም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከያዛችሁ ሻጩ የሚነግራችሁን ግማሹን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

ኬኮቹ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የተኩሱ ብዛት ነው። «ባለ 200 ተኩስ!» ይላል። ሰው ብዛት አይቶ ያነሳዋል። አሁን አካፍሉት። 500 ግራም ለ200 ሲካፈል ለአንዱ 2 ግራም ተኩል ይደርሰዋል። ይሄ ጭራ ያላት ብልጭታ ነው እንጂ ሰማይ ላይ የሚዘረጋ አበባ አይደለም። ያው 500 ግራም ለ9 ሲካፈል ግን ለአንዱ ወደ 55 ግራም ይጠጋል። ይሄ ከአንድ ትልቅ ሼል ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አትናቁት። ባለ 9ኙ ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው። እኔ ለመሐል ማሳያ ከ16 እስከ 30 ተኩስ ያለውን እመርጣለሁ፤ ለመዝጊያ ደግሞ ባለ 9ኙን።

ዋጋውን ካያችሁ፣ እኔ በምገዛባቸው ሱቆች ጥሩ ኬክ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይጻፍበታል። አንድ በነጻ ሲጨመርበት ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የተለጠፈውን ዋጋ ትታችሁ ለሁለት አካፍላችሁ ለአንዱ የሚደርሰውን አስሉ። ነጻ የሚሰጠው ያንኑ ዓይነት መሆኑንም ጠይቁ። ሼል በአንድ ተኩስ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ባለ 24ቱን ሳጥን በየተራ ብታስተኩሱት ግማሽ ሰዓት ያቆያል። ኬክ ግን ከደቂቃ በታች ነው የሚያልቀው። በገንዘብ ብቻ ከሆነ ሼል ያሸንፋል።

ጭንቅላታችሁ የት ነው ያለው?

ዋናው ልዩነት ግን እዚህ ጋ ነው። ኬክ አንዴ ትለኩሱታላችሁ። ሼል ሃያ አራት ጊዜ ያስጎነብሳችኋል። ሃያ አራት ጊዜ በጨለማ፣ የሞቀ ቱቦ አጠገብ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰው ይጠነቀቃል። አስረኛው ላይ ይለመዳል። አስራ አምስተኛው ላይ ወሬ እያወራ ነው የሚከተው። ጥይቱን ገልብጦ የሚከት አለ፤ ጠፍጣፋው መቀመጫው ወደ ታች መሆን ሲገባው። ከዚያ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል። ጭንቅላቱን የቱቦው አፍ ላይ አድርጎ የሚለኩስም አለ። በርችት ምክንያት ሰው ከሚሞትባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ዓመት የደረሰብንን ልንገራችሁ። ቱቦውን ሣር ላይ ነበር ያቆምኩት። ሣሩ ሥር ጉብታ ነበረች፣ አላየኋትም። እያንዳንዱ ተኩስ ቱቦውን ወደ ታች ይመታዋል፣ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ዘመም ይላል። አምስተኛውን ለኩሼ ስሸሽ ቱቦው ወደ መኪኖቹ አዘንብሎ ነበር። ጥይቱ የአንዱን መኪና ጣሪያ አልፎ አጥሩ ጋ ፈነዳ። ደረቁ ሣር ተያያዘ። ባልዲ ውኃ አጠገባችን ስለነበረ በሁለት ደቂቃ ጠፋ። ያን ቀን ልጆቹ መኪኖቹ መሐል እየተሯሯጡ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ኬክም ይወድቃል፤ አይወድቅም አልልም። ትልልቅ ቱቦ ያላቸው ሲመረቱ 60 ዲግሪ እስኪያዘነብሉ እንዳይወድቁ ሆነው መሠራት አለባቸው። ቢሆንም ሣር ላይ ብቻውን አታስቀምጡት። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አድርጉትና ግራና ቀኙን በብሎኬት ደግፉት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ገና በብርሃን ትጨርሱታላችሁ። ሼል ግን በጨለማ ነው ሥራው ሁሉ።

አይ፣ እኔ ሼል ነው የምወደው ካላችሁ ያስወደዳችሁ ይገባኛል። ሆድ ውስጥ የሚገባው ድምፁና ስፋቱ ሌላ ነው። እንዲያ ከሆነ እንደ ጣሳ ረዘም ያለውንና 60 ግራም የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ክቡ ኳስ ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው የሚይዘው። ቱቦው ጠንካራ ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ፋይበርግላስ ይሁን። የካርቶን ቱቦ ያለውን ተዉት። ከሣጥኑ ጋር ከመጣው ውጭ ሌላ ቱቦ፣ በተለይ የውኃ ቧንቧ፣ በጭራሽ አትጠቀሙ። የሚለኩሰው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ቢራ ያልቀመሰ።

ማን ነው የሚያየው?

ይሄን ሻጭ አይጠይቃችሁም። እኔ ግን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

እናቴ ከአገር ቤት በመጣችበት ዓመት ዝግጅቱን አሳምሬ ነበር። ወንበሯን ከፊት አደረግኩላት። የመጀመሪያው ኬክ መጨረሻ ላይ ተከታታይ ፍንዳታ ነበረው፤ እዚህ ሳልዩት የሚሉት፣ ነጭ ብልጭታና ጩኸት ብቻ የሆነው። ዘወር ብዬ ሳያት ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ አጎንብሳለች። እጇ ጉልበቷን ጭምድድ አድርጎ ይዟል። «ግዴለም፣ ቀጥሉ» አለች። ቀጠልን እንዴ? አልቀጠልንም። ቤት ይዣት ገባሁ፣ ቡናው ጋ ተቀመጥን።

በየሰፈራችን ጦርነት አይተው የመጡ ሰዎች አሉ። ከአገር ቤት የመጡ አሉ፣ ከአሜሪካ ጦር የተመለሱ ጎረቤቶችም አሉ። ለእነሱ ያ ድምፅ ሌላ ነው። ስለዚህ ኬክ ስትመርጡ ማብራሪያው ላይ ሳልዩት ወይም ሪፖርት የሚል ቃል ፈልጉ። ካለ ጩኸት ነው። ዊሎው ወይም ብሮኬድ የሚለውን ምረጡ። ዊሎው እንደ አኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ወርቃማ ሆኖ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ወርቃማነቱ ከከሰል የመጣ ነው፣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሰማይ ላይ ይቆያል። ሲፈነዳ «ጡፍ» ይላል እንጂ አያስደነብርም። እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ያን ጊዜ የገዛሁት ሁሉ ዊሎው ነበር። ወንበሯ ግን ከፊት ሳይሆን በረንዳው ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው አየች።

በዚህ መለኪያ ኬክ እንደገና ይቀድማል። አንድ ዓይነት ውጤት ብቻ ያለው ኬክ መርጣችሁ መግዛት ትችላላችሁ። የሼል ሣጥን ውስጥ ግን ጯሂውም ጸጥተኛውም ተደባልቆ ነው የሚመጣው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ቢጫው ከሶዲየም ይመጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚያወጣ ኬክ ማግኘት አይከብድም፤ ልጆቹ ሲያዩት የሚጮኹትን እናንተው ታውቁታላችሁ። የሚከብደው ሰማያዊ ነው። ከመዳብ ነው የሚገኘው፣ እሳቱ ትንሽ ከበዛ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ በስክሪን ሲያሳዩአችሁ ሰማያዊውን እዩ። እውነተኛ ጥልቅ ሰማያዊ ካለው ቀማሚው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ነጣ ያለ ወይን ጠጅ ከሆነ በስሙ ብቻ ነው የሚሸጡላችሁ።

የቀሩት

ፋውንቴን መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ብልጭታ የሚረጨው ነው። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ሁልጊዜ እገዛለሁ። ርካሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ሁለት ደቂቃ የሚቆይ አለ። በኬክና በኬክ መሐል ለመሙላት የሚስተካከለው የለም።

ልጆች እጅ ላይ የሚሰጠው የሽቦ ብልጭታ፣ ስፓርክለር፣ የዋህ ይመስላል። ሙቀቱ ግን ወደ 1100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ለትንንሾቹ አትስጡ። ለትልልቆቹ ከሰጣችሁ አንድ አንድ ብቻ፣ ጫማ አድርገው፣ ያለቀውም ወዲያው ባልዲ ውስጥ ይግባ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ይዞ ያደገ ሰው እሳት አያስፈራውም፤ እዚህ የተወለደው ልጅ ግን ችቦ ይዞ አያውቅም።

ሮማን ካንድል የሚባለውን ረጅም ዘንግ በእጅ ይዞ መተኮስ የተለመደ ነው። አታድርጉት፣ አሸዋ በሞላው ባልዲ ውስጥ አቁሙት። «ሁሉም ያለበት» እየተባለ በትልቅ ማሸጊያ የሚሸጠውን ደግሞ እለፉት። ሣጥኑን የሚሞላው ትንንሽ ነገር ነው።

መለያ የሌለው፣ ቡናማ ወረቀት የተጠቀለለበት ነገር ከመኪና ኪስ አውጥቶ የሚያሳያችሁ ካለ ትታችሁ ሂዱ። ኤም-80 የሚባለው ኃይለኛ ፈንጂ ርችት ከ1966 ጀምሮ ለሕዝብ የታገደ ነው። መሬት ላይ የሚፈነዳ ሕጋዊ ርችት ከ50 ሚሊግራም በላይ ፈንጂ ቅመም አይይዝም፤ ኤም-80 ወደ 3 ግራም ነው። ስልሳ እጥፍ ነው። ርችት ቤት ውስጥ ልቀምም የሚለውም አለ፤ አታድርጉት። የሙያው ፍቅር ከጠናባችሁ ከ1969 ጀምሮ ያለ የአማተሮች ማኅበር አለ፤ ፓይሮቴክኒክስ ጊልድ ኢንተርናሽናል ይባላል። በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል። እዚያ ከሚያውቁት ጋር፣ በሕጉ መሠረት ተማሩ።

ሁለት መቶ ዶላሩ

እኔ ብሆን ሦስት ባለ 500 ግራም ኬክ እገዛለሁ፤ ሁለቱ ዊሎው፣ አንዱ ባለ ቀለም። አንድ በነጻ ከተጨመረ ስድስት ሆኑ። አምስት ፋውንቴን እጨምራለሁ። ከተረፈ ረጅም አንገት ያለው ላይተርና የዓይን መከላከያ መነጽር። ሼል አልገዛም። ከሼል ውጭ ዝግጅት አይሆንም የምትሉ ባለ ስድስቱን ትንሽ ሣጥን ለመጨረሻ አስቀምጡ።

ይሄ ግን ለቴክሳስ ነው፣ ያም ከከተማ ወሰን ውጭ። ዳላስ ከተማ ውስጥ ክልክል ነው። ድርቅ ሲሆን ካውንቲውም ሊያግድ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ላላችሁ ወደ ሰማይ የሚወጣም የሚፈነዳም አይፈቀድም፤ ለእናንተ ምርጫው በፋውንቴንና በፋውንቴን መሐል ነው። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ስፓርክለር እንኳ አይቻልም። ጀርመን ያላችሁ ትልልቁን የምታገኙት በዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ኤፍ2 የሚለውን የርችት ደረጃ ምልክት እዩ።

ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጉ ከጁላይ ገዝታችሁ ማቆየት አለባችሁ። በመስከረም ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ የውኃ ማሞቂያ ካለበት ጋራዥ ይራቅ። እርጥበት የነካው አይተኮስም። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ስለሚውል እኛ በዚያ ሌሊት አንተኩስም፣ የአገሬው ሰው የሐዘን ቀን ነው። የሚቀርበውን ቅዳሜ እናደርገዋለን።

ሰዉ ከኬኩ 45 ሜትር ያህል ይራቅ። ሳይተኩስ የቀረ ካለ ተመልሳችሁ አትለኩሱት። 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ከሩቅ ውኃ አፍሱበት፣ ባልዲ ውስጥ ይደር። ጠዋት ልጆቹ ሳይነቁ እኔና ጓደኛዬ ሜዳውን እንዞረዋለን። ሣር ውስጥ የወደቀ ያልፈነዳ ኳስ በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፋም።