አሮጌ የጭቃ ቤት ላላችሁ የባህር ዳር ሰዎች፦ እኚህን እናትና ልጃቸውን አትለፏቸው

"ለጭቃ ቤት የሚሆን ባለሙያ ታውቃለህ ወይ?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። ምስጋናም አለብኝና በዚያው ላድርስ። ጊዮርጊስ አካባቢ ያለውን የአባቴን ቤት ውስጡን ያደሱልኝ አንዲት እናትና ልጃቸው ናቸው። እሳቸው ጭቃና ኖራ ይሠራሉ፤ ልጁ ደግሞ ቀለም፣ ኮርኒስና እንጨት። እኔ "እትዬ" ነው የምላቸው፣ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

ቤቱ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራ ነው። ምሰሶው ጥድ፣ በሩ ዋንዛ፣ ግድግዳው ጭቃ። አባቴ በሕይወት እያለ "ዘመናዊ ይሁን" ተብሎ የዶሮ ሽቦ ተመታበትና በሲሚንቶ ተለሰነ። ከዚያ ወዲህ ከወለሉ እስከ ወገብ ያለው ግድግዳ ደርቆ አያውቅም። የዘይት ቀለሙ እየተነፋ ይረግፋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሶፋው ጀርባ ሻጋታ ይወጣል። ያማከርኳቸው ባለሙያዎች፣ ስማቸው ይቅርና፣ ሁለት ነገር ነበር የሚሉኝ፦ "አፍርሰህ በብሎኬት ሥራ"፤ እሱ ካልሆነልህ "እስከ ወገብ ሴራሚክ ለጥፍበትና ተገላገል"።

እትዬ የመጡ ዕለት ወደ ቤት አልገቡም ማለት ይቻላል። ቡናው ቀርቦ እሳቸው ጓሮ ለጓሮ ይዞራሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና በያዙት እንጨት መሬቱን ወጋ ወጋ አድርገው "የመሠረቱ ድንጋይ የት ሄደ?" አሉኝ። እውነትም አይታይም። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ግቢውም አብሮ በገረጋንቲ ተሞልቶ ስለነበር፣ የውጩ አፈር ከሳሎኑ ወለል በልጦ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። በዚያ ላይ አሸንዳው ተበስቶ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ እዚያው ያወርደዋል። "ልጄ፣ በሽታው ውጭ ነው። ውስጡን ብታሽሞነሙነው ምን ሊረባህ?" አሉ። ይህን የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አንድም አልነበረም።

ስለዚህ የሳሎኑ እድሳት ከጓሮ ተጀመረ። የቀን ሠራተኛ ተይዞ አፈሩ ከግድግዳው ራቀ፤ ቦይ ተቆፍሮ ድንጋይ ተሞላበት፤ አሸንዳው ተቀየረ። የባህር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ የሚወርድ ነው። ጭቃ ያን ሁሉ ርጥበት ቢስብም ንፋስ እስካገኘ መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ግን መውጫ ያጣው ውሃ ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስጡም ማንም ሳያየው ይበላል። ልስኑን ስንገነጥለው ሽቦው ዝጎ በእጅ ይሰበር ነበር። የጥድ ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው፣ ጥድ ለምስጥ በቀላሉ አይበገርም። በኋላ የገቡት የባሕር ዛፍ ማገሮች ግን ሲነኳቸው ይረግፉ ነበር። እትዬ የተበላውን ብቻ አስቀየሩ፤ ደህናውን እንዳትነኩ ብለው ሠራተኞቹን ሲቆጡ ላየ ቤቱ የሳቸው ይመስለዋል።

ጭቃው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመጣላቸውን አፈር መጀመሪያ ያርሱትና በመዳፋቸው እንደ ገመድ አንከባለው ጣታቸው ላይ ያጥፉታል። ወዲያው ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፤ ሙጭጭ ብሎ ከተጣበቀ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። አንዱን መኪና አፈር በዚህ ፈተና አስመልሰውታል፤ ሾፌሩ እስካሁን ሳይረግመኝ አይቀርም። ያለፈው አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። ሽታውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጎረቤታችን "ሽንት ቤት ፈነዳባችሁ እንዴ?" ብሎ መጥቷል። የመጀመሪያው ምርጊት ረጅም ጭድ ያለበት ሻካራ ነው። እሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ በተነፋ አፈር፣ በደቃቅ ጭድና በእበት የተሠራው ስስ ጭቃ ይመጣል፤ ይህኛውን እትዬ በመዳፋቸው ነው የሚለቀልቁት። በነጋታው ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ እያደረጉ ያዳምጡታል። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ይፋቅና ይደገማል፤ ማንም ባያዝዛቸውም ያደርጉታል።

"የጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም" የሚላችሁ ሰው ካለ ጀልባ አሳፍራችሁ ዘጌ ውሰዱት። እዚያ ያለው የጥንታዊው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም መቅደስ ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉት ጭቃ ግድግዳ ላይ ነው።

ለማጠናቀቂያው የዘይት ቀለም ከለከሉኝ። ኖራ አስቀድሞ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ከረመና ጨው ገብቶበት ቀጠን ቀጠን እየተደረገ ተደጋግሞ ተቀባ። ባለቤቴ ሆስፒታል የመሰለ ነጭ አልፈልግም ስትል ልጁ ቢጫ የዱቄት ቀለም በጥቂቱ እየጨመረ፣ ሰሌዳ ላይ እየቀባ፣ እያደረቀ አሳያት። ሲደርቅ መልኩ ስለሚሳሳ እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ። ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ልብስ ይነካል፤ ጥቁር ኮት ለብሳችሁ አትደገፉበት።

ልጁ ሰዓት ላይ ደካማ ነው፣ ስልክም አያነሳም። እጁ ግን ይክሰዋል። ጭቃው ከመመረጉ በፊት ምሰሶዎቹ የት የት እንዳሉ ለክቶ በወረቀት ላይ ስሎ ሰጠኝ፤ ቴሌቪዥኑና መደርደሪያው ዛሬ የታሰሩት ጭቃው ላይ ሳይሆን ጥዱ ላይ ነው። የዋንዛውን በር ደግሞ የስንት ዘመን ቀለም ተደራርቦበት ማን መሆኑም ጠፍቶ ነበር። በስባሪ መስታወት ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቫርኒሽ ሰጠው፤ አሁን እንግዳ ሁሉ "ከየት አስመጣችሁት?" ይላል። የኮርኒሱ ቺፑድ ወርዶ የእንጅባራ ቀርከሃ ሰሌን ተተካ፤ ከላዩ ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ተተወለት። የሚያዝያን ሙቀት ገና አላየንበትም። መብራቱን የዘረጋልን ሌላ ሰው ነው፤ እነሱ ሽቦ አይነኩም።

በዋጋ በኩል በቁርጥ አይስማሙም። "ጭቃ በቁርጥ አይሠራም፣ ሲደርቅ ነው የሚደርቀው" ብለው በቀን ሒሳብ ነው የሚሠሩት። ያም ሆኖ ጠቅላላው ለሴራሚኩና ለሲሚንቶው ከተጠየቅኩት በእጅጉ አነሰ። እትዬ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ እግዚአብሔር ጭቃ አይነኩምና የምትቸኩሉ ሰዎች ይህን አስቡበት። እኔ ራሴ መሃል ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ቤቱን አፍርስ ሳይሉኝ ስለቀሩ እናቴ በየቀኑ ትመርቅዎታለች።

ስልካቸው በአደባባይ እንዳይለጠፍ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሳያዩ ዋጋ አይነግሩም፣ ስለዚህ በስልክ "ስንት ይፈጃል?" ብላችሁ አታድክሟቸው። ግድግዳችሁ ላይ ሽቦና ሲሚንቶ ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ለመገንጠያው ተጨማሪ ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። ሰኔ ከገባ ጭቃ አያቦኩም፤ ለዘንድሮ ያሰበ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይያዛቸው።