አባባ ተስፋዬ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ዘግይቻለሁ። በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ የነበሩት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ያረፉት ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፤ በ94 ዓመታቸው። ግን ባለፈው ሳምንት የአምስት ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ ለሚያወሩት ሽማግሌ ብድግ ብላ እጅ ስትነሳ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

የከፈትኩላት ድምፁ ሻከር ያለ አሮጌ ቅጂ ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ቀና አለች። «ለእኔ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ላንቺ ነው» አልኳት። ተነሳች።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። የልጆች ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም እዚያ እንጎርፋለን። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆመው እግራችንን ያስታጥቡናል። ያልታጠበ አይገባም! ጠዋት ብይ ላይ የተጣላነው ሳይቀር ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ሰላምታው ሲመጣ ሁሉም ብድግ። አባባ ያዩናል ብለን እናምን ነበር። ቡና የሚጠጡት እናቶችም ወሬያቸውን አቁመው ተረቱን ይሰሙ ነበር።

አሁን ሳስበው ልቤን የሚነካው ያ ሰላምታ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው የሚለው ነው። እንግዳ ሲመጣ «ውጭ ውጡና ተጫወቱ» የምንባለውን እኛን፣ እሳቸው እንደ ትልቅ ሰው አክብረው ሰላም አሉን። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» አሉን። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ባሌ ተወልደው፣ ቴአትር ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲጀመር የልጆችን ዝግጅት ይዘው ገቡ፤ 42 ዓመት ገደማም ሠሩ። እናትም ልጅም በአንድ ሰው ተረት ያደጉበት ቤት ብዙ ነው። የእኔም ቤት አንዱ ነው።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ «ልጄ አማርኛ አልገባ አለው» ለምትሉ፣ አደራ፣ የአባባ ተስፋዬን ተረቶች ፈልጉላቸው። ዩቲዩብ ላይ የድሮ ቅጂዎች አሉ። በመጽሐፍ ያሳተሟቸው ተረቶችም አሉ፤ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮችን ጠይቁ። ግን ስልኩን ሰጥታችሁ ወደ ሥራችሁ አትሂዱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። ከዛሬ ካርቱን ጋር ሲተያይ ዝግ ያለ ነው። የእኔዋም መጀመሪያ ተቁነጥንጣ ነበር፤ ሁለተኛው ተረት ላይ ግን ረጋች። ቃላትም ትጠይቀኝ ጀመር። «ጎተራ ምንድን ነው?» ስትለኝ በወረቀት ሥዬ አሳየኋት። ያቺ ወረቀት አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፋለች።

አባባ፣ ያከበሩን ልጆች አድገን ወልደናል። እግዜር ይስጥልን፤ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን።

ትናንት ማታ ልጄ ስልኩን ገፋ አድርጋ «ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። ከመጀመሬ በፊት ግን አስቆመችኝ። «መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ በይኝ» አለች።