ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ ያላችሁ፦ "ለዳክዬ አደን" እየተባለ የሚዞረውን ርካሽ ሰሚ ኦቶማቲክ ጠመንጃ እንዳትገዙ

ወገን፣ ሰሞኑን ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ባለው መንገድ፣ ቡራዩ በገፈርሳ በኩልም፣ ለገጣፎም እንደዛው፣ ደላሎች "የአደን ጠመንጃ አለ፣ የቱርክ ነው፣ ሰሚ ኦቶማቲክ፣ አምስት ይጎርሳል፣ ለዳክዬና ለዝይ ተብሎ የተሰራ" እያሉ ሰው እያማለሉ ነው። እንዳትገዙ። ስራ ያለበት ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል። ረዘም አድርጌ የምጽፈው "ህገወጥ ነው" ብቻ ብዬ ብተወው ደላላው "ኧረ ወረቀት አለው" ብሎ በሁለት ደቂቃ እንደሚያስረሳችሁ ስለማውቅ ነው፣ ደግሞ ወረቀት ቢኖረው እንኳ ዕቃው ራሱ ለተባለለት ስራ አይሆንም።

እኔ ነጋዴም ፖሊስም አይደለሁም። የውጭ ሀገር አዳኞች የሚያርፉበት ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ እንግዶቹ በፈቃድ ይዘውት የሚገቡትን ሾትገን (በአንድ ጥይት ብዙ ትንንሽ ፍሬ የሚረጨውን የአደን ጠመንጃ) ማታ ማታ ስንፈታ ስናጸዳ ዘይት ስንቀባ ነው የኖርነው፣ ስለዚህ የጣልያኑንም የቱርኩንም የአሜሪካኑንም ሆዱን አውቀዋለሁ። በቀደም አንድ ገብስ የሚዘራ ጎረቤቴ "ና እስቲ እየውልኝ፣ ዝይ ማሳዬን ፈጀው" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው፣ ጠመንጃው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ስር ተኝቷል። ደላላው ልጅ ነው፣ ምላሱ ግን ሽማግሌ ያስንቃል፣ ጎረቤቴን "ፋዘር፣ ይሄ እንኳን ዳክዬ ሰጎን ይጥላል" ይለዋል። 280 ሺህ ብር ብሎ ጀመረ፣ ሻዩን ጠጥተን ሳንጨርስ 190 ሺህ ገባ። ዕቃው ጥሩ ቢሆን እንደዛ አይወርድም ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኩት "የጋዝ ነው ወይስ በራሱ ግፊት የሚሰራ?" ብዬ ነው። "የሁለቱም ነው" አለኝ። 😂 የሁለቱም የሚባል ነገር የለም። ሰሚ ኦቶማቲክ ሾትገን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ሲተኮስ ከሚፈጠረው ጋዝ ትንሹን አፈሙዙ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አውጥቶ ፒስተን ይገፋበታል፣ ፒስተኑ ወደኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ ያስወጣና ቀጣዩን ያጎርሳል። ሌላው ጋዝ አይነካም፣ ጠመንጃው ትከሻ ላይ ሲረግጥ ያንን እርግጫ በስፕሪንግ ይዞ ይሰራበታል፣ ይሄንን በዓለም ያሳወቀው የጣልያኑ ጠመንጃ ሰሪ ኩባንያ ቤኔሊ ነው፣ አሁን የቱርክ ወርክሾፖች በርካሽ ይቀዱታል። የጋዙ ጥላሸት ይይዛል፣ ካልተጸዳ ይነክሳል። የግፊቱ ንጹህ ነው ግን ጠንከር ያለ ጥይትና ጠንከር ያለ ትከሻ ይፈልጋል፣ ላላ አድርገህ ከያዝከው ወይም ባትሪ ምናምን ካንጠለጠልክበት ማጉረሱን ሊተው ይችላል። ሻጩ ይሄን ካላወቀ ተኩሶትም አያውቅም ማለት ነው፣ "ሞክሬዋለሁ ምንም አይልም" የሚለውን እዛው ጋ እርሱት።

የፊት እጀታውን ፈታሁት (ደላላው አልወደደውም፣ "ይበላሻል" አለ፣ ለማጽዳት በተፈታ ቁጥር የሚበላሽ ጠመንጃ ደግሞ ምን ያደርጋል)። የጋዝ ሆኖ ተገኘ። ፒስተኑ ላይ ያለችው ኦሪንግ (ጋዙ እንዳያፈተልክ የምትይዘው የጎማ ቀለበት) ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ የጋዝ መውጫዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ በጥላሸት ተደፍኗል፣ ጥይት የሚሞላበት ቱቦ ላይ ዝገቱ በጣት ሲነካ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ከውጪ ግን ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቷል፣ ሽታው ገና አለ። ሴሪያል ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ጎድጓዳ ነው፣ ተፍቋል ከዛ ቀለሙ በላዩ ላይ ሄዷል። ይሄን ለጎረቤቴ በጣቱ አስነካሁት፣ በዓይን ብቻ አይታይም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺ ብቻ በቂ ነበረች፣ ቁጥሩ የተፋቀ መሳሪያ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተሰራበት፣ ማን እንደሚፈልገው አታውቅም፣ ስትያዝ ግን በእጅህ ነው የሚያዘው።

አፈሙዙ ላይ 12-76 የሚል ተመትቷል። 12 የአፉ ስፋት መለኪያ ነው፣ 76 ደግሞ ጥይቱ የሚገባበት ጎሬ በሚሊሜትር። ልጁ ደግሞ "የ89ኙን ትልቁን ጥይትም ይበላል፣ ለዝይ እሱ ነው" ይላል። እባካችሁ ይሄን አስተውሉ ምክንያቱም አደገኛ ውሸት ነው። ጥይቱ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከተተኮሰና አፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው፣ ሳይተኮስ የታጠፈ ስለሆነ ያጥራል፣ ስለዚህ የ89 ጥይት 76 ጎሬ ውስጥ ሊገባልህ ይችላል፣ "ገባ እኮ" ትላለህ። ስትተኩሰው ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ ካልታሰበለት በላይ ይወጣል፣ ያ ሁሉ የሚሆነው ከፊትህ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

ጥይቱስ? በጥቁር ፌስታል አስር የማትሞላ ጥይት "ቦነስ" ብሎ አመጣ። ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም አለ፣ ግማሹ ለሸክላ ዒላማ መለማመጃ የሚሆን 24 ግራም ቀላል ጥይት ነው፣ ሁለቱ የነሃስ መቀመጫቸው አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ቀላሉ ጥይት እንደዚህ ያለውን የቆሸሸ የጋዝ ጠመንጃ ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም፣ አንዴ ትተኩሳለህ፣ ቀለሁ ግማሹ ወጥቶ በር ላይ ይነክሳል፣ አለቀ፣ "አምስት ይጎርሳል" ያለው አንድ ሆነ። ለዳክዬ ደግሞ ፍሬው ራሱ አይሆንም፣ ቁጥር 7 ተኩል ነው፣ የፍሬ ቁጥር ሲጨምር ፍሬው ያንሳል፣ ዝይ ላባ ላይ እንደ በረዶ ያርፋል። ወፏ ቆስላ ትሄድና ሸምበቆ ውስጥ ትሞታለች፣ ይሄ አደን አይባልም።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ልጆች ኢንተርኔት ላይ አይተው "አሜሪካኖቹ እኮ ርካሹን የቱርክ ገዝተው ዳክዬ ያድኑበታል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ያድኑበታል። ቱርክ ውስጥ ኮንያ አካባቢ ሁግሉ እና ኡዙምሉ የሚባሉ የጠመንጃ ሰሪ ከተሞች አሉ፣ ለዓለም ነው የሚሰሩት፣ ከመሀላቸው በጣም ጥሩ የሚሰሩ አሉ፣ ካምፕ ውስጥም አይቻለሁ። ግን እዛ ያለው ሰውዬ ርካሽ ሲገዛ ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚያገኘው አለ፦ ዋስትና አለው፣ ቢሰበር አስመጪው ይቀይርለታል፣ ኦሪንጓን በፖስታ ያዛታል፣ ሱቅ ሄዶ ጠመንጃው የሚስማማውን ጥይት እስኪያገኝ ዓይነት በዓይነት ይሞክራል፣ የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች በከባድ ጥይት ተኩሶ ያለሰልሰዋል፣ ካልሆነ ይመልሰዋል። ርካሽነቱ በዛ ሁሉ የተደገፈ ነው። እኛ ጋ ያ ሁሉ ተነስቶ ብረቱ ብቻ ነው የሚሸጠው። ቀለህ የምታወጣዋ ጥፍር ብትሰበር ማን ይሰራታል? መርካቶ ሄደህ "የሾትገን ጥፍር አለ?" ብለህ አትጠይቅ ነገር።

በዛ ላይ የውሃ ወፍ አደን ከሁሉም አደን ለጠመንጃ ከባዱ ነው። ጭቃ፣ ጤዛ፣ ብርድ፣ ውሃ ነው፣ ርካሽ ብረት ቶሎ ይዝጋል። እርሳስ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲቀር ወፎቹ ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና ይመረዛሉ፣ ለዚህ ነው አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዳክዬና ዝይ አደን እርሳስ የከለከለችው፣ አውሮፓ ህብረትም ከ2023 ወዲህ ረግረግና ውሃ አካባቢ ከልክሏል። ስለዚህ "ለዳክዬ የተሰራ" የሚባል ጠመንጃ የብረት ፍሬ የሚችል መሆን አለበት፣ የብረት ፍሬ ደግሞ ጠጣር ስለሆነ አፉ በጣም በጠበበ ቾክ መተኮስ የለበትም። ቾክ ማለት አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዝ ማጥበቢያ ናት። ይሄኛው ላይ ያለችው ከንፈሯ ላይ አንድ ጭረት ነው ያላት፣ አንድ ጭረት ማለት ፉል፣ የመጨረሻ ጠባቧ። ልፈታት ሞከርኩ፣ በዝገት ተጣብቃለች፣ ንቅንቅ የለም። ከሷ ጋር የሚመጡት ሌሎቹ የት አሉ ብዬ ስጠይቀው "ሰውየው ጋ ቀርተዋል" አለ። ሰውየው ማን እንደሆነ አልነገረንም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ፌዴራል ፖሊስ ነው። "የአደን ስለሆነ አይመለከተውም" የሚሉት ውሸት ነው፣ የአደን ጠመንጃም ጠመንጃ ነው። ያሳየን ወረቀት በሌላ ሰው ስም የሆነ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ማህተሙ አይነበብም፣ ኦሪጅናሉን ስንለው "ቀብድ ስትከፍሉ" አለ። ፈቃድ እንደ ባጃጅ ሊብሬ በውል ስም የሚዞር ነገር አይደለም፣ በሌላ ሰው ስም ያለ ወረቀት ለእናንተ ባዶ ወረቀት ነው። ለአደን ደግሞ መሳሪያ ይዞ መገኘት ብቻውን አይበቃም፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ይሄም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የታሰረ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፣ ደላላው አንዱን እንኳ የለውም።

የት ነው የምታድኑትስ? ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፣ እዛ ዳር ጥይት ማጮህ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለናንተ መንገር የለብኝም። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ ክረምት ክረምት የምታዩዋት ግራጫ ቡናማ ዝይ፣ ክንፏን ስትዘረጋ ሰማያዊ የምታወጣው፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ሰብስባ የምትሄደው፣ ከኛ ደጋ ውጪ ዓለም ላይ የትም የለችም፣ ፈረንጅ እሷን ለማየት ብቻ በአውሮፕላን ይመጣል። ሰው እምብዛም አትፈራም፣ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ለዛም ነው መጀመሪያ እሷ የምትመታው። ገብስ የሚበላው በብዛት ሌላኛው ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ያለው ትልቁ፣ በመንጋ የሚወርደው። ደላላው ሁለቱን አይለይም፣ ገዢውም ብዙ ጊዜ አይለይም። ደግሞ ገድላችሁ ምን ልታደርጉት ነው፣ እኛ ሰፈር ዳክዬና ዝይ የሚበላ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ልጁ "ቦሌ ሆቴሎች ይረከቡሃል" ይላል፣ የትኛው ሆቴል ሲባል ዝም።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ምን አደረገ፣ ማማ ሰራ፣ ሁለት የሰፈር ልጆች ጠዋትና ማታ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ይወጣሉ፣ ከቆርቆሮ ጋር ገመድ አስሮ ዳር ዳሩን ዘርግቶታል። ዝይ የሚመጣው በአብዛኛው ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ የለባቸውም። ለልጆቹ የሚከፍለው ከዛ ከጆንያው ጠመንጃ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ግልጽ እናውራ ደግሞ፣ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ዳክዬ አይደለም የሚያሳስባቸው፣ ዳር ላይ ቤት ሰርተው ሌባ ነው የሚፈሩት፣ "አደን" የሚለው ስም ብቻ ነው። ይገባኛል፣ እኔም ዳር ነው የምኖረው። ግን ለዛ ብለው የሚነክስ ጠመንጃ አልጋ ስር ካስቀመጡ፣ ልጅ ያለበት ቤት፣ ፈቃድ የሌለው፣ ሌባው ራሱ መሳሪያ እንዳለ ሰምቶ ሊሰርቅ የሚመጣበት፣ ከሌባው የባሰ ጣጣ ነው የገዛችሁት። ጥበቃ በጋራ ቅጠሩ፣ መብራት አድርጉ፣ ውሻ አሳድጉ።

ካያችኋቸው የሚደጋገሙት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ዕቃውን ከማሳየታቸው በፊት ቀብድ በስልክ ላኩ ይላሉ፣ የሚላክበት ስም ከደላላው ስም ጋር አይገናኝም፣ "ዛሬ ካልወሰድክ ሌላ ዲያስፖራ ይዞታል" ይላሉ፣ ፈትቼ ልየው ስትል ይቆጣሉ፣ ቦታውን ሶስቴ ይቀያይራሉ። ጫንጮ መንገድ ላይ ቀብድ ልኮ ስልኩ የተዘጋበት ሰው አውቃለሁ፣ ክስ ሊመሰርት እንኳ ፈራ ምክንያቱም "ምን ልትገዛ ነበር?" ሲባል ምን ይላል። ሌቦቹም የሚተማመኑት በዛ ነው።

ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትጨምሩ፣ "ቀሪውን ካልከፈልክ የመጀመሪያው ይቃጠላል" የሚለውን አትስሙ። የላካችሁበትን ደረሰኝና የጽሁፍ መልዕክቱን አታጥፉ፣ ጠበቃ አማክራችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ዕቃውን ቤታችሁ ያስገባችሁ ደግሞ መልሳችሁ ለሌላ ሰው ልሽጥ እንዳትሉ፣ ወንዝ ውስጥም አትጣሉት፣ እሱንም ከጠበቃ ጋር ሆናችሁ ለፖሊስ አስረክቡ፣ ይሄንን ዛሬ ነገ አትበሉት።