ማልዲቭስ በ«ሁሉም ተካቷል» ፓኬጅ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ብር ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ገና ትናንት ማታ ነው የገባነው። ሻንጣዬን እንኳን አልፈታሁም። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

እነዚህን የጉዞ ወኪሎች ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ አካባቢ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ቲክቶክ ላይ ሰማያዊ ውሃና የእንጨት ጎጆ እያሳዩ «ጫጉላችሁን በማልዲቭስ፣ ሁሉም ተካቷል፣ ቦታ ሳያልቅ» የሚሉት። ዋጋ ስትጠይቁ «በውስጥ መስመር» ይሏችኋል። ከዚያ አንዲት ልጅ ትደውላለች። ውዴ፣ የኔ ቆንጆ፣ ግማሹን ዛሬ ካስገባችሁ ቅናሹ አያመልጣችሁም፣ ስክሪንሾቱን ላኪልኝ። ብሩ እስኪገባ ድረስ እኩለ ሌሊትም ብትጽፉላት ትመልሳለች።

እኛም እንዲሁ ከፈልን። ከኤርፖርት እስከ ሪዞርቱ ያለው መጓጓዣ አለበት ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። «አዎ ውዴ፣ ሁሉም አለበት፣ እናንተ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው።» የድምፅ መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ለምን ደጋግሜ እንደጠየቅኩ እንዲገባችሁ፣ አገሩ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትንንሽ የኮራል ደሴቶች ነው። በ26 አቶሎች (ቀለበት በሚመስሉ የደሴት ስብስቦች) ተከፋፍለው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ላይ ተበትነዋል። ትልቁ አውሮፕላን የሚያርፈው ዋና ከተማው ማሌ አጠገብ ነው፤ ሪዞርቱ ግን የራሱ ደሴት ላይ ብቻውን ነው ያለው። ቅርብ ከሆነ በፈጣን ጀልባ ይኬዳል። ራቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በሲፕሌን ነው፣ ውሃ ላይ በምታርፈው ትንሽዬ አውሮፕላን። የኛ «ባ» በሚባለው አቶል ውስጥ ነበር፣ ከማሌ ግማሽ ሰዓት ያህል በረራ። ሲፕሌን ደግሞ ከመሸ አይበርም። ይህን እዚያ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ማልዲቭስን እየሸጠ የሚበላ ሰው አያውቅም ነበር ብሎ ማንም አያሳምነኝም።

ማሌ የደረስነው ከመሸ ነው። ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት።

ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ የቢጫ ወባ ካርዳችንን አየ፣ ማህተሙን መታ፣ አለቀ። ቪዛ የት ነው የሚከፈለው ስለው አይከፈልም አለኝ። ለካ ቱሪስት እዚያው ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ነው የሚሰጠው። እሷ ግን «የቪዛ ማስፈጸሚያ» ብላ ለሁለታችንም ለብቻው አስከፍላናለች። ያኔ ነው ልቤ የፈራው።

ወደ መውጫው ስንሄድ የሪዞርቶቹ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ስማችንን ታብሌቱ ላይ ፈልጎ አገኘው። እፎይ አልኩ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። ክፍሉ ተከፍሏል። ምግቡ ቁርስ ብቻ። ሲፕሌን የሚለው መስመር ላይ ባዶ። ደርሶ መልስ በሰው 520 ዶላር ነው፣ እሱም የሚነሳው ነገ ጠዋት ነው አለን፤ ቀጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዛሬ ማደሪያ ይዛችኋል ወይ ብሎ ጠየቀን። ባሌ ያንኑ ስክሪን ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። ከጎናችን ሌሎች ጥንዶች ስማቸው እየተጠራ፣ እየተሳሳቁ ወደ ጀልባቸው ይሄዳሉ።

ደወልኩላት። አዲስ አበባ ገና አልመሸም፣ ቢሮ ነበረች፣ አነሳች። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፈው። «ሲፕሌኑ እኮ የሪዞርቱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም። ደግሞ ማልዲቭስ ልሂድ ያለ ሰው ለሺ ዶላር እንዲህ ይጮሃል እንዴ?» ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማል። ስፒከር ላይ አድርጋኝ ኖሯል! የድምፅ መልእክትሽ አለኝ ስላት ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አንስታልኝ አታውቅም፣ ቴሌግራም ላይም ብሎክ አድርጋኛለች።

ያን ሌሊት ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ሁልሁማሌ ደሴት በራሳችን ገንዘብ ሆቴል ይዘን አደርን። የተከፈለበት ክፍል ደሴቱ ላይ ባዶውን አደረ። የሲፕሌኑን የከፈለችልን ዱባይ ያለችው እህቴ ናት፣ በካርዷ፣ በሊንክ። እሷ ባትኖር ከኤርፖርት ነበር የምንመለሰው።

ቦታውስ ያምራል፣ አልዋሽም። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ጥቁር ሰማያዊ ባሕር መሐል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ነጭ አሸዋ። ደሴቱ ላይ ግን ሌላ ምግብ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ያለው የሪዞርቱ ብቻ ነው። ምሳ ስታዙ ዋጋው ላይ 10 ፐርሰንት የአገልግሎትና 17 ፐርሰንት ታክስ ይጨመርበታል። አረንጓዴ ታክስ የሚሉትም አለ፣ በሰው በአዳር 12 ዶላር። ይሄ የአገሩ ሕግ ነው፣ ሪዞርቱን አልወቅስም። ቁርስ ብቻ ገዝቶ «ሁሉም ተካቷል» ብሎ መሸጥ ግን ሌብነት ነው። ባሌ በጫጉላችን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር «እኔ አልራበኝም፣ አንቺ ብዪ» ሲለኝ ከረመ። ይሄን አልረሳላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ሻይዋን እያማሰለች ቀና ብላም አላየችኝም። ሥራ አስኪያጁ የፈረምነውን ወረቀት አውጥቶ «ትራንስፈር በሪዞርቱ ደንብ መሠረት» የምትለዋን መስመር በጣቱ ጠቆመኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔ እዚያው ቆሜ ሁለት እጮኛሞች ገቡ፣ እሷም በዚያው ድምፅ «ሁሉም ተካቷል ውዴ» አለቻቸው። ደረጃው ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

የድምፅ መልእክቱንና የባንክ ደረሰኙን ይዤ ንግድ ቢሮ ላመለክት ነው። ጉዳዩ እስኪታይ ስማቸውን አልጠራም። አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ለሪዞርቱ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉና መጓጓዣው ተከፍሎ እንደሆነ፣ ምግቡም የቱ እንደሆነ ጠይቁ። በሲፕሌን የምትሄዱ ከሆነ በረራችሁ ማሌ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይግባ። ኢሙጋ የሚባለው የመግቢያ ቅጽም ነጻ ነው፣ ራሳችሁ ሙሉት። በዚሁ መንገድ የተበላችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አብረን እናመልክት።